ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑን ክፈቱ

ታኅሣሥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ግን መብራቱ እንደበራ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆነው የሚመስል ወጣት ከባጃጅ ወርዶ፣ በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ሳጥን አቅፎ ገባ። ሲገለጥ ጥቁር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ አገር ቢሮ አገልግሎ የተጣለ፣ ጎኑ ላይ የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት አሻራ ገና ያልለቀቀ።

“ጋሼ፣ ግራፊክስ ካርድ ላስገባበት ነው። አዲስ አበባ የሚሸጥ ልጅ አግኝቼ ቀብድ ልልክለት ነበር።”

“ምን ካርድ ነው?”

“አርኤክስ 580። ባለ ስምንት ጂቢ ነው አለኝ።”

ባለሙያው ዝም ብሎ የሳጥኑን ጎን ከፈተ። አቧራው ከፋኑ ክንፎች ላይ እንደ ሱፍ ተጠቅልሏል። በስልኩ መብራት ከኋላ ጥግ ያለውን ፓወር ሰፕላይ አበራና “ና፣ ጽሑፉን አንብበው” አለው። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ 275 ዋት ይላል። ባለሙያው ከፓወር ሰፕላዩ የወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እያነሣ አሳየው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ ስድስትም ባለ ስምንትም ፒን ጫፍ አልነበረም። “ያ ካርድ ብቻውን ወደ 185 ዋት ይጠጣል፣ ባለ ስምንት ፒን መስመርም ይፈልጋል። ቀብዱን እንዳትልክ።”

በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በአሮጌ ዴስክቶፕ ጌም ለመጫወት የሚጥር ወጣት ብዙ ነው፤ ብዙውን ገንዘብ የሚበላውም ይኸው ነው፤ ማሽኑ ሊሸከመው የማይችል ዕቃ መግዛት። ይህን ለመከላከል መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አራት ብሎን ፈትቶ፣ አንድ ወረቀት አንብቦ፣ ጥቂት ቁጥሮችን መደመር ይበቃል።

ማሽኖቹ ከየት እንደሚመጡ ማወቅ ይጠቅማል። የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የባሕረ ሰላጤው ቢሮዎች ኮምፒውተራቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይራሉ። የተቀየረው በጅምላ ተሽጦ፣ ብዙውን ጊዜ በዱባይ በኩል ዞሮ፣ መርካቶና መገናኛ ይደርሳል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ጣሪያና በሚኒባስ ወንበር ሥር ተጭኖ 130 ኪሎ ሜትሩን አልፎ ደብረ ብርሃን ይገባል። በዴል፣ በኤችፒና በሌኖቮ ስም የምናገኛቸው ዴስክቶፖች በአመዛኙ እንደዚህ የመጡ ናቸው። ለቢሮ የተሠሩ በመሆናቸው ጠንካሮች ናቸው፤ ለጌም ስላልተሠሩ ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸው ልኩን ያህል ብቻ ነው፤ ግራፊክስ ካርድም አብሯቸው አይመጣም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ እዚህ የብር ቁጥር ባትት መጽሔቱ እጃችሁ ሳይገባ ያረጃል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። በዋጋው ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በዚህ ላይ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ሜሞሪውን ለራሳቸው ስለሰበሰቡት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል። ስለዚህ የማወራው በድርሻ ነው። ለእንዲህ ያለ ሦስተኛ ጄኔሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ላለው ማሽን አንድ ሰው የመደበውን ገንዘብ ግማሹን ለግራፊክስ ካርድ፣ ሩቡን ለኤስኤስዲ፣ የቀረውን ለራም፣ ለቴርማል ፔስትና ለመብራት መከላከያ ቢያውለው አይቆጨውም።

ከሁሉ በፊት ግን የምትጫወቱትን ጌም ወስኑ። የወጣቱን መልስ ባለሙያው ሳቅ ብሎ ነው የሰማው፤ የእግር ኳሱ ፒኢኤስ እና ጂቲኤ። በአብዛኛው የጌም ቤቶቻችን ጥያቄም ይኸው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እነዚህ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ጓደኛ ከጓደኛ ጎን ተቀምጦ በሁለት ጆይስቲክ የሚጫወተው ጌም ብቻ ነው የቀጠለው። ደስ የሚለው ነገር፣ የኮናሚ ፒኢኤስ 2021 በዝቅተኛ መስፈርቱ የሚጠይቀው ፕሮሰሰር ኮር አይ ፋይቭ 3470 ነው፤ ሮክስታር ለጂቲኤ 5 የሚመክረውም ያንኑ ፕሮሰሰር ነው። በርካታ ኦፕቲፕሌክስ 7010ዎች ውስጥ ያለው እሱ ነው! ሁለቱም ጌሞች 8 ጂቢ ራም ይስማማቸዋል፤ ፒኢኤስ በትንሹ ጂቲኤክስ 670ን፣ ጂቲኤ በምክሩ ጂቲኤክስ 660ን የሚያህል ካርድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የወጣቱ ማሽን በፕሮሰሰር በኩል ከሞላ ጎደል ተሟልቶ ነበር። የጎደለው ካርድ ብቻ ነው።

የ2023 እ.ኤ.አ. የኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ግን ሌላ ነገር ነው። በትንሹ ኮር አይ ፋይቭ 6600ኬ፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና 100 ጂቢ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። የአዲሱን ዓመት ኳስ ጨዋታ መጫወት የሚሻ ሰው በሦስተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ የለበትም።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የማዘርቦርዱ ረጅሙ ስሎት፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው፣ ለካርድ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ተጨማሪ ሽቦ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ይፈልጋል። ስለዚህ በቢሮ ማሽን ላይ የምንፈልገው ካርድ ተጨማሪ መሰኪያ የሌለው፣ ከ75 ዋት ያልበለጠ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አይ ፋይቭ 3470 ሲለፋ 77 ዋት፣ ካርዱ 75 ዋት፣ ለዲስኩ፣ ለራሙ፣ ለፋኑና ለማዘርቦርዱ 40 ዋት ያህል፤ በድምሩ ከ200 በታች። 275 ዋቱ ይበቃል፣ ትርፍም አለው።

በዚህ ልክ ውስጥ የሚገቡት ካርዶች ብዙ አይደሉም። የ2014 እ.ኤ.አ. ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን የአብዛኛው ሜሞሪ 2 ጂቢ ብቻ ነው። የ2016ቱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጂቢ አለው፣ 75 ዋት ነው፤ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ከዚህ የተስማማ ካርድ አላውቅም። የ2019ኙ ጂቲኤክስ 1650 ከእሱ ይፈጥናል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ፋብሪካ ስድስት ፒን ጨምሮበታልና ሳታዩ አትክፈሉ። ለሥራ ኮምፒውተር ተብሎ የተሠራው ኳድሮ ፒ1000 ብዙ ሰው አይፈልገውም፤ 47 ዋት ብቻ የሚበላና 4 ጂቢ ያለው በመሆኑ፣ በተለይ ቀጭን ሳጥን ላለው ሰው፣ መልካም ምርጫ ነው። ቀጭኑ ሳጥን አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ካርዱ የሚታሰርበት ብረትም አጭሩ መሆኑን አረጋግጡ። በጂቲ 1030 ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ ባለ ዲዲአር4ቱ ከባለ ጂዲዲአር5ቱ ጋር ሲነጻጸር የሜሞሪው መተላለፊያ ሲሶውን ያህል ነው። ካርቶኑ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ያሻል።

ከዚያ ደግሞ ፎርጅዱ አለ። አሮጌ ጂቲኤክስ 550 ቲአይን ወይም ከዚያም ያነሰ ካርድ ሶፍትዌሩን ቀይረው “1050 ቲአይ ነኝ” እንዲል ያደርጉታል። ዊንዶውስም ያምነዋል። ጌም ሲከፈት ግን ስታክ ያደርጋል፣ ይጠፋል። አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ትክክለኛው 1050 ቲአይ የድሮው ሰማያዊ ቪጂኤ መሰኪያ የለውም፤ ኤንቪዲያ በዚያ ትውልድ የአናሎግ ውጤቱን ትቶታል። ቪጂኤ ያለው 1050 ቲአይ ካያችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ወጥመዱ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ያለው ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ የሚቀበል ስለሆነ፣ ቪጂኤ ያለውን ካርድ “ይኼ ይገጥምልኛል” ብሎ የሚመርጠው ራሱ ነው። ለሞኒተሩ መፍትሔው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ነው፤ ዋጋው ከካርዱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ስለ ሞኒተር ካነሣን፣ አሮጌውን ለመቀየር አትቸኩሉ። ባለ 1366 በ768 ሞኒተር ከባለ 1920 በ1080ው ጋር ሲነጻጸር የነጥቦቹ ብዛት ግማሽ ያህል ነው። ካርዱ በየቅጽበቱ የሚስለው ግማሽ ሥራ ነው ማለት ነው። ርካሽ ካርድ በአሮጌ ሞኒተር ላይ የሚያምረው ለዚህ ነው።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው በሬ እንደሚገዛ ገበሬ ይሁን፤ ጥርሱን ሳያይ፣ ሳያስኬድ አይክፈል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙዎቹን ፎርጅዶች “ፌክ” ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ቀጥሎ አንድ ከባድ ጌም ወይም ፉርማርክን ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ቁሙ። ሙቀቱን፣ የፋኑን ድምፅ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣ ነጠብጣብ መኖሩን እዩ። ሻጩ “አይቻልም፣ ውሰድና እቤትህ ሞክረው” ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ያረጀ ዕቃ በውድ መሸጥ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንኮበር የደረሰው ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ጠመንጃዎች አስጭኖ ነበር። ጠመንጃዎቹ የአውሮፓ ጦር ከአርባ ዓመት በፊት የተዋቸው አሮጌዎች መሆናቸውን፣ በቤልጅጉ ሊዬዥ ሰባትና ስምንት ፍራንክ የሚያወጡት ለሸዋው ንጉሥ አርባ ገደማ እንደሚሸጡ፣ ቀደም ብሎ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ራሱ ጽፎታል። ምኒልክ ግን ሞኝ ገዢ አልነበሩም። ዘመናዊውን ሬሚንግተን ከአሮጌው ለይተው ያውቁ ስለነበር ዋጋውን አስወርደው ነው የተረከቡት፤ ራምቦም ከንግዱ አላተረፈም። የዕቃውን ትውልድ ማወቅ ያኔም ዛሬም ገንዘብ ያድናል።

አሁን ከቦታው ጋር ብቻ የተያያዘ አንድ ጉዳይ አለ፤ የውጭ መመሪያዎች ስለማያነሡት ትንሽ ልቆይበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለተለመደው ሃርድ ዲስክ ይህ ተራ ነገር አይደለም። የሚያነበው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ተንሳፍፎ የሚቆየው በአየር ትራስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው አምራቾች ለአብዛኛው የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ የ3,048 ሜትር ጣሪያ የሚያስቀምጡት። ደብረ ብርሃን ከጣሪያው ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለችው የመንዟ መሐል ሜዳ ግን ጫፉ ላይ ናት፤ ወደ ጓሳ አቅጣጫ ሲወጣማ ይታለፋል። ዲስኩ በነጋታው ይሞታል ማለት አይደለም። ነገር ግን በቢሮ ውስጥ አሥር ዓመት የዞረ ዲስክ በዚህ ከፍታ የጌም ቤት ሥራ ሲሰጠው ስሕተት ቢያበዛ አይገርምም።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አየርም አይፈልግም። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ በሴኮንድ 500 ሜጋባይት ያህል ያነባል፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከ150 አያልፍም፣ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ ደግሞ ይብስበታል። ጌሙ በአንድ ሴኮንድ የሚያሳየውን የሥዕል ብዛት አይጨምርም፤ ዊንዶውስ የሚነሣበትን፣ ሜዳው የሚከፈትበትን ጊዜ ግን ያሳጥራል። የ7010 ማዘርቦርድ ኤም ዶት ቱ መሰኪያ ስለሌለው 2.5 ኢንቹን ሳታ ግዙ። 240 ጂቢው ለዊንዶውስና ለሁለት ጌም ይበቃል፤ አሮጌው ዲስክ ለፊልምና ለፎቶ ይቀመጥ። ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጤናውንና የሠራበትን ሰዓት እዩ።

የሳሳው አየር ፋኑንም ይነካዋል። ፋኑ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ክብደቱ ስለሚያንስ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። የደብረ ብርሃን ብርድ ይህን ይክሳል፤ 1,300 ሜትር አካባቢ ያለችው ሸዋ ሮቢት አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን ሙቀቱ ከባድ ነው። በሁለቱም ቦታ የመጀመሪያው ማሻሻያ ከሁሉ የረከሰው ነው። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ አቧራውን በብሩሽ ማራገፍ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ፔስት ጠርጎ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ማድረግ። ጥገና ቤቱ ውስጥ ባለሙያው ያን ወጣት ያሠራው ይህን ነበር፤ በገዛ እጁ። ሲጨርሱ ያጓራ የነበረው ፋን ዝም አለ።

ስለ ብርዱም አንድ ነገር። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፤ ብርድ ልብስና ሹራብ ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ራምና ካርድ ሊያቃጥል ይችላል። ጋቢውን አውልቁ፣ የሳጥኑን እርቃን ብረት ንኩ፣ ከዚያ ዕቃውን ያዙ። ሌሊቱን በብርድ ያደረን ማሽን ሙቅ ክፍል ውስጥ እንዳስገባችሁ አታብሩት፤ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላልና ሰዓት ያህል ይቆይ።

ራም ላይ ብዙ አልቆይም። ባለ 8 ጂቢ አንድ ከምትገዙ ባለ 4 ጂቢ ሁለት ግዙ፤ ሁለት መስመር አንድ ላይ ሲሠራ ጌሙ ይቀላል፣ በተለይ ካርድ ለሌለው ማሽን። በርካሽ የሚሸጠውን የሰርቨር ዲዲአር3 አትንኩት፤ በእነዚህ ዴስክቶፖች ላይ አይነሣም።

ፕሮሰሰሩስ? አይ ፋይቭ 3470ን አውጥቶ አይ ሰቨን 3770 ማስገባት ይቻላል፤ ሶኬቱም የሚበላው ዋትም አንድ ነው። እኔ ግን ለፒኢኤስና ለጂቲኤ አልመክረውም፤ ገንዘቡ ካርድ ላይ ይዋል። ማሽን ገና የሚገዛ ሰው ከሆነ ደግሞ አራተኛ ጄኔሬሽን የሚሻልበት ምክንያት አለ። ኤቪኤክስ2 የሚባለው የትዕዛዝ ስብስብ የመጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ከአራተኛው ጋር ነው፤ ያለ እሱ ጭራሽ የማይከፈቱ አዳዲስ ጌሞች አሉ። በሌላ በኩል የአራተኛው ጄኔሬሽን ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና 3020 ማዘርቦርድ ፓወሩን የሚቀበለው ዴል ብቻ በሚጠቀምበት ባለ ስምንት ፒን ነው። የ7010 ትልቁ ሳጥን ግን የተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሆነ ገበያ ላይ ያለ የተለመደ ፓወር ሰፕላይ ይገባበታል። ወደፊት ትልቅ ካርድ የሚያልም ሰው ይህን አስቀድሞ ይመዝን።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገድለው ዕቃ ቀላል አይደለም። የአንድ ጌም ቤት ባለቤት ሁሉንም ማሽን በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ካየሁት፣ ስለ ካርድ ከማውራቱ በፊት ደህና ስታቢላይዘር እንዲገዛ ነው የምነግረው። የሚቻለው ዩፒኤስ ይጨምር። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

መብራቱ ማሽኑን ከገደለውም ምትክ እየመጣ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ቢሮዎች ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ማሽኖቻቸውን እየጣሉ ነው፤ እነዚህም በተራቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። ለዚህ ነው የማሽናችሁ ማዘርቦርድ ከተቃጠለ ሌላ ፈልጋችሁ አትድከሙ የምለው። ደህናውን ዲስክ አውጥታችሁ፣ ካርዱን ይዛችሁ፣ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ሙሉ ሳጥን ግዙ፤ ካርዱ እዚያም ይሠራል።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው የምሕንድስናና የኮምፒውተር ተማሪ ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለጂቲኤ የተገዛው 1050 ቲአይ በቀን አውቶካድና ብሌንደር ያንቀሳቅሳል። ሳጥኑን ከፍቶ ዋት የደመረ ልጅ፣ መምህሩ ስለ ኃይል ፍጆታ ሲያስተምረው የሚያውቀውን ነገር ነው የሚሰማው። ቤተሰብ “ጌም ነው፣ ተወው” ብሎ ፊቱን ባያዞር እወዳለሁ።

ዕቃ ሻጮችን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ደረሰኝ ላይ “ግራፊክስ ካርድ፣ 4 ጂቢ” ብላችሁ አትተዉት፤ ሙሉ ሞዴሉን፣ የሜሞሪውን ዓይነት፣ የሚበላውን ዋት ጻፉ። ሱቃችሁ ውስጥ አንድ የመሞከሪያ ማሽን አስቀምጡ፣ ገዢው ሃያ ደቂቃ ሰክቶ ይመልከት። ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት መጥቶ የሚገዛችሁ ልጅ ዕቃው ባይሠራ ለመመለስ የሚከፍለው የመኪና ዋጋ የለውም።